የራዲዮ የባሕር ኮከብ

የፀጉር አስተካካዩን እውነተኛ ስም የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ «ራዲዮ» ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አብሮ ይከፈታል፣ ማታ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ደንበኛ አንገቱ ላይ ጨርቅ ከታሰረለት በኋላ መሄጃ የለውምና የሰፈሩን ወሬ፣ የኳሱን ውጤት፣ የራዲዮን የልጅነት ገድል ሳይወድ በግዱ ሰምቶ ይነሳል።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሥራዋ እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ነው። ባሏ ማታ ቤት ሲገባ ያንኑ የቀኑን ወሬ ከሥሩ ጀምሮ ይደግምላታል፤ እሷም የስፌት መኪናዋን እየረገጠች «እሺ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «ከዚያስ?» ትላለች። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን አትሰማውም። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ የሚናገረው እንዲሰማ አልነበረምና ቅር አይለውም።

አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ ፀጉር በግማሽ ቀርቶ መቀሱ ከራዲዮ እጅ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውት ነበር። ከዚያ ሁሉ የቃል ክምር ደግሞ ምላሱ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ሆነች፦ «ነገ»።

«ደህና አደርክ?» ስትለው «ነገ።» «ራበህ?» «ነገ።» ሲስቅ ነገ፣ ሲቆጣ ነገ፣ ጫማው ሲጠበው ነገ። የንግግር ሐኪሟ ሚስትየውን ለብቻዋ ጠርታ፣ «ሊል የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ከአፉ የሚወጣለት ግን ያ ብቻ ነው። ቃሉን አትመኚው። ዓይኑን፣ እጁን፣ የድምፁን ዜማ ተከተዪ» አለቻት።

መጋረጃ ሰፊዋ «እሺ» ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ቆመች። ቃሉ ሞልቶ ሲፈስ ያልተከተለችውን ሰው፣ አሁን ያለ ቃል በየት በኩል ትከተለው?

ሱቁ መዘጋቱ ግድ ሆነ። ወንበሩም መስተዋቱም ሄደ። የቀረው ጥግ ላይ ያለው የባሕር ውሃ ገንዳ ነበር። ራዲዮ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እንዳይሰለቸው ብሎ ያስቀመጠው ነው፤ ቢጫ ዓሦች፣ ቀዳዳ የበዛባቸው ድንጋዮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ልጅ የሚኮራበት አንድ የባሕር ኮከብ ነበሩበት። መዳፍ የሚያህል፣ አምስት ክንድ ያለው፣ ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ጥቁር ጉብታ የተነቀሰበት። «ገንዳው ይሸጥ?» ሲሉት «ነገ» አለ። «ቤት ይሂድ?» ሲሉት አሁንም «ነገ»። ሚስቱ ግራ ገብቷት እጁን አየች። ደህናው እጁ የገንዳውን ጠርዝ ጨብጦ ነበር፤ ጣቶቹ ነጥተዋል። ስለዚህ ቤት ይሂድ ተባለ።

ተሸካሚዎቹ ውሃውን በበርሜል፣ ዓሦቹን በላስቲክ ከረጢት አድርገው ወሰዱ። ኮከቡን ግን ከድንጋይ ቆጥረውት ከድንጋዮቹ ጋር በደረቅ ሳጥን ከተቱት። መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። መጋረጃ ሰፊዋ ቤት ደርሳ ሳጥኑን ስታራግፍ «ድንጋዩ» እጇ ላይ ሲላወስባት ጩኸቷን አቀለጠችው፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ ጣለችው።

ብዙም ሳይቆይ ኮከቡ መልፈስፈስ ጀመረ። ክንዶቹ ጫፋቸው ሳሳ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ቁስል ወጣበት። ሴትየዋ ፊቷን የገንዳው መስተዋት ላይ ደቅና ታየዋለች። ታሟል? ተኝቷል? ወይስ አመሉ ነው? ዓሣ ቢሞት ይንሳፈፋል፤ ይኼ ግን ዓይን የለው፣ አይጮኽ፣ ሲተነፍስ አይታይ። ሕይወቱን ሳታውቅ ሞቱን በምን ትወቀው!

«ሞቷል?» አለችው ባሏን።

«ነገ።»

«አልሞተም?»

«ነገ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እንባውም ቢሆን አልረዳትም። ሐኪሟ ከዚህ በሽታ በኋላ ሰው ያለ ምክንያትም ሊያለቅስ ይችላል ብላታለች። እንዲሁ ስትጠራጠር ውሃው ደፈረሰ፣ ቤቱ ሸተተ። በመጨረሻ እጇን ከትታ ነካ ብታደርገው አንደኛው ክንድ እንደ ራሰ ዳቦ ተቆርሶ መዳፏ ላይ ቀረ። ራዲዮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በዚህ መሃል የባሏ ታላቅ እህት መጣች። እጇ ሁሌ ስንቅ የያዘ፣ ልቧ ደግ፣ አፏ ግን በር የሌለው ሴት ናት። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ አፍንጫዋን ያዘች። «አንቺ! ሰውየው አልጋ ላይ ተኝቶ አንቺ የባሕር ጉድ ታስታምሚያለሽ? ይውጣልሽ ይሄ ነገር! ወንድምዬ፣ ይሸጥ አይደል?»

«ነገ።»

«ሰማሽ? ነገ ይሸጥ አለ!»

«እትዬ፣ እሱ ለሁሉም ነገር ነገ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ማለቱ ነው?»

«እሱን ባውቅማ ምን ቸገረኝ!»

እህት ግን የሰማችውን ሰምታለች። በማግስቱ ገዢ ይዛ ከች አለች። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ሜትሩን አወጣና የገንዳውን ርዝመት ሊለካ ጎንበስ አለ። ራዲዮ ከወንበሩ ሆኖ የሜትሩን ጫፍ ለቀም አደረገ። ሰውየው ይስባል፣ ራዲዮ ይስባል፤ ሜትሩ በሳሎኑ መሃል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጠረ።

«ነገ! ነገ! ነገ!»

«እሺ አባባ፣ ነገ ልምጣ?» አለ ገዢው፣ ግራ ተጋብቶ።

ራዲዮ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ተቆጣ። ሰውየው ሜትሩን ትቶ ወጣ፤ ነገም ተነገ ወዲያም አልመጣም። እህትየው «ቀን የሚቀጥር ራሱ፣ የሚቆጣ ራሱ!» ብላ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። መጋረጃ ሰፊዋ ግን ከዚያ ሁሉ ግርግር አንድ ነገር ጨበጠች፤ ቢያንስ የጨበጠች መሰላት። ገንዳውን ይፈልጋል። ገንዳውን ከፈለገ ደግሞ ኮከብ ይፈልጋል። ይህን ያህል ካወቅኩ ይበቃኛል ብላ፣ ውሃው ተቀይሮ በደንብ እስኪጠራ ጠብቃ ባሏን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ዓሣ ሻጩ ጋ ሄደች።

የዓሣ ሻጩ ሱቅ ጠባብ፣ መብራቱ ሰማያዊ፣ የፓምፕ ድምፅ የማይቋረጥበት ነው። ሻጩ ራዲዮን ዓመታት ያውቀዋል። ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ቢሆን አይፈረድበትም፣ በራዲዮ ፊት ማን ተራ አግኝቶ ሊያወራ! አሁን ግን የወዳጁን ትከሻ ያዝ አድርጎ «ጋሼ፣ ጠፉብኝ እኮ» አለ። ራዲዮ «ነገ» ብሎ መለሰለት። ሻጩ እንደ ደህና መልስ ተቀበለው።

ሴትየዋ ዓይኗ ያረፈው ጥርት ያለ ሰማያዊ ኮከብ ላይ ነበር። «ይኼ ያምራል።»

«ያምራል። ግን አልሸጥልሽም እህቴ።»

«ምነው?»

«እሱ ትልቅና የቆየ ገንዳ ነው የሚፈልገው፤ ድንጋዩ ላይ የሚላስ ነገር የበዛበት። እናንተ ቤት ቀስ ብሎ በረሃብ ያልቃል። ሲያልቅም አይነግርሽም።»

«አሸዋ ውስጥ የተቀበረውስ?»

«አሸዋው ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ነፍሳት ለቅሞ ይጨርስና እሱም ይራባል።»

«ሁሉም በረሃብ የሚሞት ከሆነ አንተ የምትሸጠው ምኑን ነው?»

ሻጩ ሳቅ አለና ራዲዮ ያኖረው የነበረውን ዓይነት፣ ቡናማውን ባለ ጥቁር ጉብታ አሳያት። «ይኼ ሥጋ በል ነው። ሽሪምፕ ቆርጠሽ ታበዪዋለሽ። ኮራል ካለሽ ግን እንዳታስገቢው፣ ይበላዋል።»

«ኮራል ምንድን ነው?»

«እንግዲያው የለሽም።»

ቡናማዎቹ ካሉበት ገንዳ ጥግ አንዱ ለብቻው ተለጥፎ ነበር። አንድ ክንዱ ተቆርጧል፤ በቦታው እንደ ሕፃን ጣት ያለ ጉቶ ብቅ ብሏል። ሻጩ መልሶ ያበቅለዋል አላት። የባሏን የማይታዘዝ እጅ አየች፣ ጉቶውን አየች። ያለ ጥርጥር ይሄ ነው አለች በልቧ፤ አሁን ገባኝ። «ይህን እንውሰደው አይደል?» አለችው ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

ራዲዮ በጥፊ እንደተመታ ሰው አያት። «ነገ!» አለ፣ እጇንም ገፋ። ከዚያ ደህናውን መዳፉን ዘርግቶ ገለበጠው። ደግሞ ገለበጠው።

«የለም ማለትህ ነው? በቃኝ? እንሂድ?»

መዳፉን ይገለብጣል። ሴትየዋ ወንበሩን ወደ በሩ ልታዞር ስትል ሻጩ እጅጌውን ሰበሰበና እጁን ገንዳው ውስጥ ከተተ። አንዱን ኮከብ ከውሃው ሳያወጣ በጀርባው አጋደመው። ጠበቁ። ኮከቡ እንደተጋደመ ቀረ። ሌላውን ገለበጠ። ይሄኛው የአንድ ክንዱን ጫፍ ጠቅለል አደረገ፤ ከሆዱ በኩል ጥቃቅን እግሮቹ ወጥተው አየሩን እንደሚዳስስ ዓይነ ስውር ውሃውን ዳሰሱ፤ አሸዋ ሲያገኙ ያዙ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ታጥፎ ዞረና በሆዱ ተኛ። ራዲዮ የወንበሩን እጀታ መታ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያስመርጡኝ» አለ ሻጩ። «ገልብጥልኝ ይላሉ። ራሱን ማቃናት ያቃተውን አይወስዱም። ያ ጉቶ የበቀለበት ደህና ነው፣ ግን የሚያባብለው ሰው ይፈልጋል፤ እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም።» ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞሮ «አልነገሩሽም?» አላት።

«ይነግረኛል እንጂ፣ ነግሮኛል» አለች። መቼም «ወይ ጉድ» ብላው ይሆናል።

ኮከቡ ከነውሃው በከረጢት ሆኖ ቤት መጣና ባልዲ ውስጥ ገባ። ከባልዲ ወደ ገንዳ እንደ ድንች አይጣልም ተብላለች። በቀጭን ቱቦ የገንዳው ውሃ ጠብ፣ ጠብ እያለ ባልዲው ውስጥ እየተጨመረ፣ እንስሳው አዲሱን ውሃ እስኪለምድ መዋል አለበት። ቱቦውን ቋጥራ ጠብታውን አስተካከለች፤ ራዲዮ አጠገቧ ሆኖ በየመሃሉ «ነገ» ይላል። አንዳንዱ ነገ አጭር ነው፣ አንዳንዱ ረዥም። አጭሩ «ፍጠኚ» ይሁን «ተይ» ልትለየው አልቻለችም፤ ቋጠሮውን ስታላላው «ነገ»፣ ስታጠብቀው «ነገ»። እህትየው መጥታ «ቧንቧ ፈሰሰባችሁ እንዴ?» ብላ መወልወያ ስታነሳ ሁለቱም አንድ ላይ ጮኹባት።

መጀመሪያ ልታበላው በሞከረችበት ቀን የሽሪምፕ ቁራጭ ከሥሩ አስቀመጠችለት። ኮከቡ እላዩ ላይ ወጥቶ መሃሉን እንደ ድንኳን ጉብ አደረገ። ቆይታ ብታይ ከሥሩ ነጣ ያለ፣ የሚያንጸባርቅ ሥጋ ተዘርግፏል። ስልኩን አንስታ ሻጩ ጋ ደወለች።

«ሆዱ ወጣ!»

«የጋሼ?!»

«የኮከቡ! ሆዱ ከአፉ ወጥቶ ሽሪምፑ ላይ ተዘርግፏል!»

ሻጩ ትንፋሹን መለሰ። «ምሳውን እየበላ ነው እህቴ። ምግቡን ወደ ሆዱ አያስገባም፤ ሆዱን አውጥቶ ምግቡን ያለብሰዋል። ሲጨርስ ይሰበስበዋል።»

ሴትየዋ ስልኩን ዘግታ ለባሏ «እየበላ ነው አሉ» አለችው። ራዲዮ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እየወረደ። በሷ ይሳቅ በኮከቡ ይሳቅ አላወቀችም፤ አብራው ሳቀች።

ሳምንታት እንዲህ ሄዱ። ሻጩ «ውሃው ሲጎድል ሙዪው» ብሏታልና፣ ውሃው በጎደለ ቁጥር እንደ ታዛዥ ተማሪ የባሕሩን ጨው በባልዲ በጥብጣ ትሞላለች። አንድም ቀን አላስተጓጎለችም። ኮከቡ ግን መስተዋቱ ላይ መውጣት ተወ። ሽሪምፑን ቢያስጠጉለት ዞር አይልም። ክንዶቹ እንደ ቀድሞው ኮከብ ልል አሉ።

ራዲዮ የወንበሩን እጀታ መደብደብ ጀመረ። «ነገ! ነገ!» ብርሃኑ በዝቶ ይሆን ብላ አንዱን መጋረጃ ጋረደች፤ ነገ። ቀዝቅዞ ይሆን ብላ ማሞቂያውን ነካካች፤ ነገ። መስተዋቱን ወለወለች፣ ዓሦቹን ቆጠረች። የሐኪሟን ምክር አስታውሳ እጁን ተከተለች። እጁ ወደ ባልዲው ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ አፉ። ምላሱን አወጣ። የሚጠጣ ውሃ አመጣችለት፤ ገፋው። ምሳ አቀረበችለት፤ አንዴ ጎርሶ ሳህኑን አራቀው፤ ምላሱን አወጣ። ሴትየዋ መሬቱ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። እንቆቅልሽ ቢሆን እንኳ አገር ሰጥተው መልሱን ይጠይቃሉ፤ እሷ ግን አገር የምትሰጠው ማንን ነው?

እህትየው ከኩሽና ብቅ አለች። «ምን ያንከራትትሻል፣ ወጡ ጨው አንሶት እኮ ነው!»

ራዲዮ ቀና አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ጨ…» አለ። አንገቱ ተገታተረ። «ጨው!»

ሁለቱ ሴቶች ባሉበት ደረቁ።

«ጨው አለ!» ብላ እህትየው እልል አለች። እየሮጠች የጨው ዕቃውን አምጥታ ሳህኑ ላይ ነሰነሰች። ራዲዮ ሳህኑን ገፍቶ በጣቱ ወደ ገንዳው «ጨው! ጨው!» ሲል፣ እሷም አላመነታችም፤ የገንዳውን ክዳን ከፍታ የኩሽናውን ጨው ልትነሰንስ እጇን አነሳች። መጋረጃ ሰፊዋ ደርሳ ክንዷን ባትይዝ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ለሻጩ ደውላ ሁሉንም ስትነግረው እንዲህ ሲል ጠየቃት። «ስትሞዪው በምንድን ነው የምትሞዪው?»

«ጨው በጥብጬ ነዋ! የባሕር ውሃ አይደል?»

«ውይ እህቴ! የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨውማ እዚያው ይቀራል። የጎደለውን በተራ ንጹሕ ውሃ ነበር መሙላት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሙዪው ብዬ በምን እንደሆነ ሳልነግርሽ። የጋሼ የጨው መለኪያ የለም? ላስቲክ ነው፣ መርፌ አለው።»

ነበር። ከማበጠሪያዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ የፀጉር ቀለም መስፈሪያ መስሏት። የገንዳውን ውሃ ስትሞላበት መርፌው ከምልክቱ አልፎ ጫፍ ድረስ ተሰቀለ።

«አሁን ደግሞ ደንግጠሽ ባንዴ እንዳታቀጥኚው» አለ ሻጩ። «ድንገተኛ ለውጥ ይገድለዋል። ጨዋማውን ትንሽ ትንሽ እየቀዳሽ በንጹሕ ውሃ ተኪው። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ።»

«አንተም ነገ ማለት ጀመርክ?»

ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ አደረገች። ራዲዮ መለኪያውን በደህናው እጁ ይዞ መርፌው ሲወርድ ያያል። አንዱ ክንድ ጫፉ ላይ ነጣ ብሎ ስለነበር ይቆረጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልተቆረጠም። አንድ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ ኮከቡ የገንዳውን ፊት ለፊት መስተዋት አጋማሽ ይዞ አገኘችው፤ ጥቃቅን እግሮቹ ሁሉ መስተዋቱ ላይ ተለጥፈው ይላወሳሉ። እህትየው መጥታ ስታይ ወንድሟን ግንባሩን ሳመችው፤ «ጨውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» የሚለውንም ወሬ ለሰፈሩ አዳረሰች።

የንግግር ሐኪሟ በጣም ተደሰተች። አንድ ቃል ከተጨመረ ሌላም ይጨመራል አለች። መጋረጃ ሰፊዋም ተደሰተች፤ ደስታዋ ግን ብዙም ሳይቆይ ተደባለቀባት። እስከዚያ ድረስ ራዲዮ ለሁሉ ነገር አንድ መልስ ነበረው፤ አሁን ሁለት ሆነ። «ደህና አደርክ?» ስትለው አንድ ቀን «ነገ» ይላል፣ አንድ ቀን «ጨው»። የትኛው ደህና የትኛው ክፉ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየችም። ይሁንና «ጨው» ባለ ቁጥር የበዛበት እየመሰላት ወጡ ላይ ጨው መቀነሷ አልቀረም።

በቅርቡ ሻጩ ጋ ሄደው ነበር። ራዲዮ ቀይ ኮከብ አየና ጣቱን ቀሰረ። ሴትየዋ ቀዩን አየች፣ ጀርባው ላይ የተሰለፈውን ሾህ አየች፤ የባሏን ዓይን አየች።

«አይሆንም» አለች። «ገንዳችን ትንሽ ነው። ያለንን ይነክስብናል።»

ሻጩ «እውነቷን ነው ጋሼ፣ ያኛውን ይበላዋል» አለ።

ራዲዮ አኮረፈ። መንገዱን ሙሉ አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ ሄደ፤ ቤት ሲደርሱም ያቀረበችለትን ሻይ አልነካም። እሷ ደግሞ መጋረጃዋን ዘርግታ መስፋት ጀመረች፤ መኪናዋን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ እየረገጠች። ከታመመ ወዲህ እንዲህ በግልጽ ተጣልተው አያውቁም። ለምን እንደተቆጣ ታውቃለች፣ እሷ ለምን እንዳልፈቀደች ያውቃል። ነገሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው ገብቷታል።

ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ራዲዮ ኩባያውን አንስቶ ጭልጥ አደረገውና ወደ እሷ ዞሮ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ያልታወቀ ነገር አጉረመረመ። ነገም አይደለም፣ ጨውም አይደለም። ሴትየዋ መኪናዋን አቆመች።

«ምን አልከኝ?» አለች።